መጀመሪያ የምትናገረው ታናሿ ናት

ስብሰባው የተጠራው ቀመሪያ ሙያዋን በተማረችበት ቤት ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በ1973 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የደረሰው ጥፋት የመጣው ከእሷ ጋር የተማሩት ሴቶች በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ድሮው ስለተቀመጡና እንደ ድሮው ስለተናገሩ ነው። ቤቱ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም፣ በሙቀት ሰዓትም ነፋስ የማያጣው አዳራሽ አለው። ቀድሞ የግሪካዊቷ የማዳም ካሊዮፒ የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ነበር። በኋላ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ።

ቀመሪያ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ለገሀሬ ባቡር ጣቢያ ጭነት ያወርድ ነበር፤ እናቷ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ጋር በአደርኛ፣ ከደንበኞቿ ጋር በሶማልኛ፣ በስፌት ቤት ደግሞ በአማርኛ ታወራለች። ስትቆጣ አራቱንም ትደባልቃቸዋለች፤ የሚያውቋት ሰዎች የቁጣዋን መጠን የሚለኩት ስንት ቋንቋ ውስጥ እንደገባች በማየት ነው።

የማዳም ካሊዮፒ ቤት አንድ ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ደስ የሚል ነገር ነውና ቀስ ብለን እንየው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ያለቀ ልብስ በአዳራሹ መካከል በቆመ የእንጨት ገላ ላይ ይለበሳል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የምትናገረው ታናሿ ናት። ታናሽ የሚባለው በዕድሜ አይደለም፤ ወደ ቤቱ በመጨረሻ የገባችው ናት። ትነሳለች፣ ያየችውን ጉድለት ትናገራለች፣ ትቀመጣለች። እሷ እስክትቀመጥ ድረስ ማንም አፉን አይከፍትም፤ አያርማትም፣ አያግዛትም፣ አይስቅባትም። ከዚያ ቀጣይዋ ትነሳለች። እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይሄድና በመጨረሻ ማዳም ትናገራለች።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ስትጠየቅ ማዳም በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እኔ መጀመሪያ ከተናገረ፣ ሁሉ ሰው በቀቀን ይሆናል» ትል ነበር።

እውነቷን ነው። አለቃ አስቀድሞ ከተናገረ የሌላው ዓይን ይዘጋል። ታናሽ አስቀድማ ከተናገረች ግን የምትደገፍበት ሐሳብ ስለሌለ በራሷ ዓይን ማየት ግድ ይሆንባታል። በዚያ ቤት ያለፈች ሴት መቁረጥና መስፋት ብቻ አልተማረችም፤ ሰው ፊት ቆማ ያየችውን መናገርም ተምራለች። ሌላ ቦታ ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

ቀመሪያ በገባችበት የመጀመሪያ ቅዳሜ የተሰቀለው ልብስ የወለተ ጊዮርጊስ ሥራ ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ የባቡር ሠራተኛ ሚስት፣ ከሁሉም ቀድማ የገባች፣ እጇ የተመሰገነ ተማሪ ናት። ቀመሪያ ተነሳች።

«ክንዷን ብታነሳ… ቀሚሱም አብሯት ይነሳል» አለችና ተቀመጠች።

ወለተ ጊዮርጊስ ተራዋ እስኪደርስ ዝም ብላ ጠበቀች። ከዚያ ሄዳ እጅጌውን በገዛ እጇ ተረተረችው። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ነው መቀስሽ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀመሪያ የእጅ እናት ሆነች። የእጅ እናት ማለት በቤቱ ልማድ አንዲትን ጀማሪ ይዛ የምታሳድግ ታላቅ ናት፤ ጀማሪዋ የምታበላሸው የመጀመሪያ ጨርቅ የእጅ እናቷ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ተወረሰ፤ ማዳም ካሊዮፒ አገር ለቃ ሄደች። ተማሪዎቿ ግን አልተበተኑም። ከፊሎቹ በየቤታቸው በር ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው መስፋት ጀመሩ፣ አንዷ ሆስፒታል ልብስ ክፍል ገባች፣ አሰገደች የምትባለው ደግሞ የቀበሌው የሴቶች ማህበር ኃላፊ ሆነች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም መጋላ በሚገኘው የቀመሪያ ግቢ ይሰበሰባሉ። ለሠርግና ለለቅሶ ሴቶች እንደሚረዳዱበት እንደ አፎቻ ያለ ስብሰባ ነው፤ የሚረዳዱት ግን በሥራ ነው። የቅዳሜውን ሥርዓት ይዘው ቆዩ፤ አንድ ሌላም ጨመሩበት።

አንዲት ልጅ የራሷን ሥራ ስትጀምር እያንዳንዷ ታላቅ ከራሷ ደንበኞች አንዷን ትሰጣታለች። የምትነጫነጨውን አይደለም፤ የምትወዳትን ነው። ስትሰጣትም የደንበኛዋን ገላ አብራ ትነግራታለች። «ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። እንዳትነግሪያት፤ ዝም ብለሽ ከውስጥ አስተካክዪው።» ልብ በሉ፤ ለጀማሪ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ማግኘት ከባድ ነው፤ ከዚያ የሚከብደው ግን ሰው ጨርቁን አምኖ እንዲሰጣት ማድረግ ነው። እነዚህ ሴቶች ያንን እምነት ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉት ነበር። ከግቢው የወጣች ልጅ ሥራዋን ባዶ ቤት ተቀምጣ አትጀምርም።

በ1973 ታናሿ ሉል ነበረች። እናቷ ሃዎ የግመል ወተት የምትሸጥ ሶማሌ ናት። ሉል ማዳምን አይታት አታውቅም፤ የእጅ እናቷ ቀመሪያ ናት። መጀመሪያ የቆረጠችው ድርያ የሚባል የሶማሌ ቀሚስ ሁለት ግራ እጅጌ ነበረው። ያን ቀን መሪያም የተባለችው ቀልደኛዋ ሰፊ ተራዋ ሲደርስ፣ «ወላሂ ቆንጆ ነው። ሁለት ግራ እጅ ያላት ሴት እስክትመጣ ብቻ እንጠብቅ» ብላ ግቢውን በሳቅ ሞላችው። ሉል ከሁሉም በላይ ሳቀች። በሦስተኛው ዓመቷ ግን የሙሽራ ልብስ ትሰፋ ነበር። የእናቷ ቤት መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ተጠርጋ ተዘጋጅታለች። ታላቆቿ ያረጀ የእግር መኪና ፈልገው፣ አስጠግነው አምጥተውላታል። ደንበኞቿም ተመርጠዋል። የቀራት የቀበሌው ፈቃድ ብቻ ነበር።

የተጠራችው ግን ፈቃድ ለመውሰድ ሳይሆን ለስብሰባ ነው።

ስብሰባውን የመራው ካድሬው ጓድ ክፍሉ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ወጣት ነው፤ አሰገደች ከጎኑ ተቀምጣለች። ረጅም ንግግር አደረገ። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ የቀበሌው ሴት ልብስ ሰፊዎች በሙሉ በአምራቾች ማህበር ይደራጃሉ፤ ከአብዮት በዓል በፊት መኪናዎቻቸውን ወደዚህ አዳራሽ ያመጣሉ፤ ከእንግዲህ ለግል ሥራ ፈቃድ አይሰጥም።

«እንግዲህ በነፃነት ተወያዩ» አለ። «ሐሳብ ያላችሁ?»

ሴቶቹ በድሮ ቦታቸው ተቀምጠዋል። ተራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዓይናቸው ሁሉ ወደ ሉል ዞረ፤ ጓድ ክፍሉም ዓይናቸው የት እንደዞረ አየ።

ሉል ተነሳች።

«ጓድ፣ እኔ መኪናዬን አላመጣም። ገና አንድ ልብስ እንኳ አልሰፋሁበትም። ማህበር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እኛም ማህበር አለን። የኛ ማህበር ግን ተምረሽ ስታበቂ በይ ሂጂ፣ ጀምሪ ይልሻል። የእናንተ ገና ሳልጀምር ጨርሺ ይለኛል።»

«ቆይ ቆይ» አለ ጓድ ክፍሉ። «ማህበር አለን አልሽ? በማን የተፈቀደ?»

ሉል እንደቆመች ናት።

«የት ነው የምትሰበሰቡት? መሪያችሁ ማነው?»

«መሪ የለንም። በተራ ነው የምንናገረው።»

«በተራ!» ወደ አሰገደች ዞሮ ሳቀ። «አየሽ ጓድ? መጀመሪያ ማን እንደተነሳ አየሽ? ሁሉም የማንን ዓይን እንደሚያዩ አየሽ?»

አሰገደች ጠረጴዛውን ታያለች። አብዮት ጥበቃዎቹ መጥተው ሉልን በክንዷ ያዟትና ጓሮ ወዳለችው ክፍል ወሰዷት።

«ሌላ ተቃውሞ ያላት አለች?» አለ ጓድ ክፍሉ።

ማንም አልተነሳም። ይህን ዝምታ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ቀላል አይደለምና። ሴቶቹ ፈርተዋል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍርሃቱ ስር ሌላም ነገር ነበር። ተናጋሪዋ እስክትቀመጥ ድረስ ቀጣይዋ አትነሳም። ሉል አልተቀመጠችም፤ ቆማ እያለች ነው የወሰዷት። ስለዚህ መሪያም የባዶውን ወንበር መሞላት ስትጠብቅ ቀረች፤ ከመሪያም በላይ ያሉትም መሪያምን ሲጠብቁ ቀሩ። ደግ ሥርዓታቸው ለፍርሃታቸው መደበቂያ ሆነ። ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፤ ሁሉም ወጡ።

ቀመሪያ ደጅ ስትደርስ ቁጣዋ መጣ። የመጀመሪያው ቁጣ በጓድ ክፍሉ ላይ ነበር፤ ያ ግን አልቆየባትም። ከድንጋይ ውኃ አትጠብቅም። ያቃጠላት የአሰገደች ዝምታ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ሄደች።

«ቀመር፣ ግቢ» አለች አሰገደች በሩን እየከፈተች። «ድምፅሽን ብቻ ዝቅ አድርጊ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ልጅቷ መሪያቸው ናት ብሎ ነው ያሰራት?»

«እንደዚያ ብሎ ደምድሟል። ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሊያስተላልፋት ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምንም።»

«ምንም! አቦ አሰገደች፣ አንቺ እኮ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው ያደግሽው! ታናሽ ስለሆነች ቀድማ እንደተናገረች ጠፍቶሽ ነው? አንቺም አንድ ቅዳሜ ቀድመሽ ተነስተሻል። ያን ቀን እጅሽን የያዘሽ ወታደር ነበር?»

«ሁርሶ ማሰልጠኛ ልጅ አለኝ» አለች አሰገደች። «ወደ ግንባር እንዳይልኩብኝ ስል በየቀኑ ነው የምሞተው። አንድ ቃል ብናገር…»

«ልጅሽን አላህ ያውጣልሽ። ከልቤ ነው። ግን የሃዎም ልጅ ልጅ ናት።» ከዚያ በኋላ ቀመሪያ አማርኛውን ጥላ በኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛው ወጥታ በአደርኛ ቀጠለች። አሰገደች ሁሉንም ቋንቋ አትሰማም፤ የተባለችውን ግን አንድም ሳይቀር ተረድታለች። በመጨረሻ ቀመሪያ ወደ አማርኛ ተመልሳ፣ «ተራው አላለቀም» አለችና በሩን ገፍታ ወጣች።

ከዚያ ነገ ወደ አዳራሹ እንመለስ እያለች በየቤቱ ዞረች። ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ልጄ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ ከመንግሥት ጋር ምን ያታግለኛል?» አለች ወለተ ጊዮርጊስ።

«እትዬ፣ የእጅ እናቴ ነሽ። እኔ ያበላሸሁት ጨርቅ ያንቺ ጥፋት ነው ብለሽ አስተምረሽኛል። እኔ ደግሞ የሉል የእጅ እናት ነኝ። ያቺን ልጅ ቀድመሽ ተናገሪ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እና ማነው እስር ቤት ያለው? ከሁላችን በኋላ የመጣችው! ቀድማ ያስነሳናት ልናስበላት ነው?»

ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን ሰብስባ ከደጃፉ ተነሳች። «ክፉ ቀድ ነው የቀደድነው» አለች በመጨረሻ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ በተራቸው ተሰልፈው ወደ አዳራሹ ገቡ። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ቀበሌው ስፉ ብሎ የሰጣቸውን የደንብ ልብስ ይዘዋል። አንዷ አንገትጌውን፣ አንዷ እጅጌውን፣ አንዷ ሱሪውን ነበር የያዘችው፤ ሥራ የሚከፋፈሉት እንዲህ ነው። በድሮ ቦታቸው ተቀመጡ። የሉልን ወንበር ባዶ ተዉት።

ጓድ ክፍሉ ከቢሮው ወጣ። አሰገደች ከኋላው አለች። «ስብሰባ አልጠራሁም» አለ።

«የትናንቱ ነው» አለች ቀመሪያ። «አላለቀም።»

መሪያም ተነሳች። «ሉል ያለችው እኔም የምለው ነው። መኪናዬን አላመጣም» አለችና ተቀመጠች። ቀጣይዋ ተነሳች። «ሉል ያለችው እኔም የምለው ነው።» ተቀመጠች። ሌላዋ ተነሳች።

«በቃ!» ብሎ ጮኸ ጓድ ክፍሉ። «ሁላችሁንም አስገባችኋለሁ!»

መሪያም ከተቀመጠችበት ሆና፣ «ይሁን ጓድ፤ ግን የእስር ቤቱን በር ሰፋ አድርጉት። ከነመኪናችን ነው የምንገባው። እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሳችሁ ሰልፍ ከወጣችሁ ሕዝቡ እኛ ላይ ነው የሚስቀው» አለች። በር ላይ ከቆሙት ጥበቃዎች አንዱ ሳቁን ዋጠ።

የቀመሪያ ተራ ደረሰ። ተቆጥታ ነበርና ሁሉም የቋንቋውን ድብልቅ ጠበቁ። እሷ ግን በአማርኛ ብቻ፣ ቃል በቃል ተናገረች። «ሉል ያለችው እኔም የምለው ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መሪ ከፈለግህ ከታች አትፈልግ።» ተቀመጠች።

ከቀመሪያ ቀጥሎ ተራው የአሰገደች ነበር።

ማንም አልጠራትም። ማንም አላያትም። ወለተ ጊዮርጊስ አሰገደችን አልፋ መነሳት ትችል ነበር፤ አልተነሳችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ደጅ ያሉት ዛፎች ቅጠል ድምፅ ብቻ ነበር። ጓድ ክፍሉ ምን እየተጠበቀ እንደሆነ ስላልገባው ከአንዷ ወደ አንዷ ያያል።

«ጓድ» አለች አሰገደች ከኋላው። ከጠረጴዛው ጀርባ ነበር የቆመችው። «ልጅቷ ቀድማ የተናገረችው መሪ ስለሆነች አይደለም። ከሁላችን በኋላ ስለገባች ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። እኔም… እኔም እዚህ ነው የተማርኩት። ትናንት መንገር ነበረብኝ።» ከዚያ የምትቀመጥበት ወንበር ፈለገች፤ በአቅራቢያዋ አልነበረም። ዞራ መጥታ በሴቶቹ መካከል፣ ቀመሪያ አጠገብ ተቀመጠች። ቀመሪያ ልብሷን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት፤ ፊቷን ግን አላዞረችላትም።

ወለተ ጊዮርጊስ ተነሳች። «ተራው አለቀ» አለች። «ልጃችንን አውጣልን።»

ሉል ከቀትር በፊት በተግሣጽ ተለቀቀች። ይህን ድል ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ የከሰዓቱንም ይስማ። ከሰዓት በኋላ ጥበቃዎቹ ጋሪ ይዘው ሃዎ ቤት ሄዱና መኪናዋን ጭነው አዳራሹ ውስጥ አስገቡት። የሌሎቹንም በየተራ ወሰዱ። የሐሙሱ ስብሰባ ተከለከለ። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ተዘጋች። ይሰጠኛል ብላ የጠበቀችውን ፈቃድ ሉል አላገኘችም። የማንንም ኪስ ሳይነኩ፣ ማንንም ሳይበድሉ ልጆችን ለሥራ የሚያበቁ ሴቶች ከየቤታቸው ተነቅለው በሌላ ሰው ቁልፍ ስር ተደረደሩ። የዚህን ጥቅም ያስረዳ ማንም የለም፤ ጥቅም አልነበረውምና።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሴቶቹ አዳራሹ ውስጥ መኪናዎቻቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የእረፍት ሰዓት ሲሆን እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ፤ ማንም ሳይጠራቸው ወንበራቸውን ወደ መሃል አዞሩ። ቀመሪያ ከተራዋ ውጭ ተነሳች። ይህን አድርጋ አታውቅም።

«ከዛሬ ጀምሮ ታላቅ ትጀምር» አለች። «የሚመጣው ነገር በእኛ ላይ ይምጣ። ታናናሾቹን ከፊት አናስቀድም።»

ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሉል ግን ተነሳች። ፊቷ ነድዷል።

«ኤዶ ቀመሪያ፣ ተቀመጪ» አለች። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እህት ናት፤ በእንዲህ ያለ ድምፅ ግን ጠርታት አታውቅም። «ተራዬ ነው። ተራዬን ማንም አይወስድብኝም። መኪናዬን ወሰዱ፣ ቤቴን ዘጉ፤ እናንተ ደግሞ የቀረችኝን ልትወስዱ ነው?»

ቀመሪያ ተቀመጠች።

«ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ሆኜ ምን እንደሰማሁ ላውራችሁ? የወንበር ድምፅ ነው። ስትነሱና ስትወጡ። አንድ ድምፅ ልስማ ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ነበር፤ አልሰማሁም። በማግስቱ መጣችሁ፤ እሺ፣ መጣችሁ። ግን ያችን ቀን አልረሳላችሁም። ችግሩ እኔ ቀድሜ መናገሬ አይደለም። ችግሩ እናንተ ቀጥላችሁ አለመነሳታችሁ ነው። እና የምታስተካክሉትን አስተካክሉ፤ ያልተበላሸውን እጅጌ አትተርትሩ!» ትንፋሽ ወሰደች። «ሌላም አለኝ። ደንበኞቼን ስጡኝ። መኪናው የማንም ይሁን፣ ቁልፉን ማንም ይያዘው፤ ደንበኞቼ ግን የእኔ ናቸው። ቃል ገብታችሁልኛል። በስሜ ይምጡ።»

ከኋላ የቀበሌው ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ሉል አየችው፤ ድምፅዋን አልቀነሰችም። ማንም አላረማትም፣ ማንም አላገዛትም። ከዚያ ተቀመጠች።

ወንበሯ ከመጮሁ መሪያም ተነሳች። በዚህ ጊዜ አንዲት ቀልድ እንኳ አልነበራትም። «የእኔዋ ዑግባድ ናት፤ ቀፊራ ጨርቅ የምትሸጠው» አለች። «ወገቧ በቀኝ በኩል ከፍ ይላል። አትንገሪያት። ነገ ጠዋት ትመጣለች፤ ሉል የት አለች ብለሽ ጠይቂ ብያታለሁ።»

ቀጣይዋ ተነሳች።